«ነጌቲቭ» ሲባል ምን ማለት ነው?
የፈንገስ አንቲጂን ምርመራ፣ የንቅለ ተከላ ታካሚዎችና የጤና ዘገባችን

መግቢያ



አንደኛ ዓመት ላይ የዜና አጻጻፍ ስንማር ከሁሉ በፊት በጭንቅላታችን ውስጥ የገባው ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት የሚሉት ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። የመኪና አደጋ ወይም የስብሰባ ዜና ስንጽፍ አንረሳቸውም። የጤና ዜና ላይ ስንደርስ ግን፣ በተለይ ስለ ላቦራቶሪ ምርመራ ስንጽፍ፣ «ማን» የምትለዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። «አዲሱ ምርመራ ከመቶ 82 ውጤታማ ነው» እንላለን፣ እናልፋለን። በማን ላይ ተሞክሮ ነው 82 የሆነው? ይህን ሳንጠይቅ የጻፍነው ቁጥር አንባቢውን ሊያሳስት፣ ሲብስም ሊጎዳ ይችላል።

ይህንን ለማሳየት የመረጥኩት ርዕስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ውስጣቸው ድረስ የሚዘልቅ የፈንገስ በሽታ ሲይዛቸው በአንቲጂን ምርመራ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። ጋዜጠኛ እንጂ ሐኪም አልሆንም፣ እናንተም እንደዚያው። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ እንጀምር።

ፈንገስና ንቅለ ተከላ ምን አገናኛቸው?

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የእግር ጣት መሐል የሚያሳክከው፣ ወይም ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ነው። አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ዘር በአፈር፣ በጭድ፣ በሻገተ እህልና በአቧራ ውስጥ ይገኛል። ዘር የሚመስሉ እጅግ ደቃቅ ብናኞቹ አየር ላይ ስለሚንሳፈፉ ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሳቸዋለን። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አይሆንም፤ የሳንባ ጠባቂ ሕዋሳትና ነጭ የደም ሕዋሳት ያጠፏቸዋል።

ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ጉዳይ ግን ይለያል። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት ወይም ጉበት «ባዕድ ነው» ብሎ እንዳይዋጋው የመከላከያ ኃይሉን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረግለት ደግሞ፣ ለዚያውም ከካንሰር ጋር እየታገለ፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ለተወሰነ ጊዜ ከሞላ ጎደል ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ሻጋታው በዚህ ክፍተት ይገባል። ሳንባ ላይ ይበቅላል፣ የደም ሥር ይበሳል፣ አንዳንዴም እስከ አንጎል ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ድረስ በአሜሪካ 23 የንቅለ ተከላ ማዕከላት የተሳተፉበት ትራንስኔት የተባለ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በዚህ ጥናት ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብ፣ ሳንባና የመሳሰሉት ከተተከለላቸው ሰዎች የፈንገስ በሽታዎች ውስጥ 53 በመቶው ካንዲዳ፣ 19 በመቶው አስፐርጊለስ፣ 8 በመቶው ክሪፕቶኮከስ ሆኖ ተገኘ። የመቅኔ ወይም የደም ግንድ ሕዋስ በተተከለላቸው ላይ ግን አስፐርጊለስ 43 በመቶ ሆኖ አንደኛ ወጣ፣ ካንዲዳ 28 በመቶ ሆኖ ተከተለ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም «የንቅለ ተከላ ታካሚ» ይባላሉ፣ ጠላታቸው ግን በቅደም ተከተል እንኳ አንድ አይደለም።

ለምን አንቲጂን?

የፈንገስ በሽታን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከታመመው ሥጋ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም ፈንገሱን ላቦራቶሪ ውስጥ ማብቀል ያስፈልጋል። ችግሩ፣ የማብቀሉ ሥራ ቀናት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም ሳይበቅል ይቀራል። ከሳንባ ሥጋ መቁረጥ ደግሞ ደሙ ለማይረጋለት ሕመምተኛ ራሱ አደጋ ነው። በሽታው ግን አይጠብቅም።

ታዲያ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሌባ ቤት መግባቱን ለማወቅ ሁለት ዘዴ አለ እንበል። አንደኛው «ውሻው ጮኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ ሁለተኛው የሌባውን ዱካ መፈለግ። ውሻው ሰውነታችን ወራሪን ለመዋጋት የሚሠራው አንቲቦዲ ነው። የሌባው ዱካ ደግሞ አንቲጂን፣ ማለትም ከወራሪው ከራሱ አካል የተላጠ ነገር ነው። የንቅለ ተከላ ታካሚ ውሻው በመድኃኒት የተኛበት ሰው ስለሆነ አንቲቦዲ መፈለግ ብዙም አያዋጣም። ስለዚህ ዱካ ይፈለጋል።

የአስፐርጊለስ ዱካ ጋላክቶማናን ይባላል። በፈንገሱ የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ያለ ስኳር ነክ ንጥረ ነገር ሲሆን ፈንገሱ በሚያድግበት ጊዜ ወደ ደምና ወደ ሳንባ ፈሳሽ ይለቀቃል። ምርመራው ሳንድዊች በሚባል ዘዴ ይሠራል። ጋላክቶማናንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በትንሽ ጉድጓድ ሥር ይለጠፋል። የታካሚው ደም ውኃ ይጨመራል። ዱካው ካለ ይያዛል። ከዚያ ቀለም የሚያመጣ ሌላ አንቲቦዲ ከላይ ይደረብበታል። ዱካው በሁለት አንቲቦዲ መሐል እንደ ሳንድዊች ይገባል፣ ቀለምም ይወጣል። የቀለሙ ጥንካሬ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠ ናሙና ጋር ተካፍሎ ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር ይሰጣል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህንን ምርመራ ለደም እ.ኤ.አ. በ2003፣ ለሳንባ እጥበት ፈሳሽ ደግሞ በ2011 ፈቀደ። ወሰኑ 0.5 ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ያለው ፖዘቲቭ ይባላል። በአውሮፓ ግን ቀደም ሲል ወሰኑ 1.5 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የምርምር ምደባ ደግሞ ደም ብቻ ከተመረመረ 1.0 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። እስቲ አስቡት፤ ኢንዴክሱ 0.8 የሆነ ደም በአንዱ ወሰን ፖዘቲቭ፣ በሌላው ነጌቲቭ ነው። ደሙ ያው ነው። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ስንሰማ «በየትኛው ወሰን?» ማለት የኛ ሥራ ነው።

አንድ ምርመራ፣ ሦስት ዓይነት ሰው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስት ተመራማሪዎች በጋላክቶማናን ላይ የተሠሩ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቀው አሳተሙ። የተገኘው ውጤት በአጭሩ እንዲህ ነው።

የደም ካንሰርና የመሳሰለው በሽታ ባለባቸው ሰዎች፣ ምርመራው በእርግጥ ከታመሙት 100 ውስጥ 70ውን ያገኛል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ከ100 ውስጥ 82ቱን ያገኛል። ኩላሊት፣ ጉበትና የመሳሰለው አካል በተተከለላቸው ሰዎች ግን ከ100 ውስጥ የሚያገኘው 22ቱን ብቻ ነው! ያው ዕቃ፣ ያው ኬሚካል። የተለወጠው ተመርማሪው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ ምክንያቱ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የመቅኔ ታካሚው ነጭ የደም ሕዋሱ ስላለቀ ፈንገሱ ያለከልካይ የደም ሥር ውስጥ ይገባል፣ ዱካውም በደም ውስጥ ይበዛል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን የመከላከያ ኃይሉ ቢዳከምም ነጭ የደም ሕዋስ አለው። ፈንገሱ ሳንባው ውስጥ እየጎዳው ሳለ ወደ ደሙ የሚያፈሰው ዱካ ትንሽ ነው፣ ያንንም ሰውነቱ ያጸዳዋል። ሌባው ቤት ውስጥ አለ፣ ዱካው ግን በር ላይ የለም። እርግጥ ነው፣ 22 የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ጥቂት ታካሚዎችን ከያዙ ጥናቶች ስለሆነ እንደ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ አትወሰድም። አቅጣጫዋ ግን ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር መመሪያም በደም ካንሰርና በመቅኔ ታካሚዎች ላይ ይህን ምርመራ ሲደግፍ፣ ሌላ አካል በተተከለላቸው ላይ ግን በሽታውን አስቀድሞ ለማሰስ በደም እንዲሠራበት አይመክርም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ሒሳብ ስለምንፈራ ነው ጋዜጠኝነት የገባነው የሚሉን አሉ። ይሁንና ይህን በብዕርና በወረቀት መሥራት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ኩላሊት የተተከለላቸው 1000 ሰዎች አሉ፣ ከነሱም ውስጥ 50ዎቹ በእርግጥ አስፐርጊለስ ይዟቸዋል እንበል።

ምርመራው ከ50ዎቹ 22 በመቶውን፣ ማለትም 11 ሰው ያገኛል። 39 ሰው ታሞ ሳለ «ነጌቲቭ» ይባላል። ካልታመሙት 950 ሰዎች ውስጥ ደግሞ፣ በዚያው ጥናት መሠረት፣ 84 በመቶው በትክክል ነጻ ይባላሉ፣ የቀሩት 152 ሰዎች ግን ሳይታመሙ «ፖዘቲቭ» ይወጣሉ። በጠቅላላው 163 ፖዘቲቭ፣ ከነሱ ውስጥ የእውነት የታመሙት 11፣ ማለትም ከ100 ሰባት ያህል ብቻ። ነጌቲቭ የተባሉት 837 ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ 39ኙ ታመዋል፤ ከ100 አምስት ያህል።

አሁን ወደ ኋላ ተመለሱ። ምርመራው ሳይደረግ በፊት አንድ ሰው የመታመም ዕድሉ ከ100 አምስት ነበር። ነጌቲቭ ከተባለ በኋላስ? ያው አምስት ገደማ! ወረቀቱ ምንም አልነገረንም ማለት ይቻላል።

ያንኑ ሒሳብ በመቅኔ ታካሚዎች ላይ እንሥራው። ከ50ዎቹ ሕሙማን 41ዱ ይገኛሉ፣ 9ኙ ያመልጣሉ። ነጌቲቭ ከተባሉት 826 ሰዎች ውስጥ የታመሙት 9 ናቸው፤ ከ100 አንድ ገደማ። እዚህ ጋ ነጌቲቭ የሚለው ቃል ክብደት አለው። «ምርመራው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እንግዲህ ጥያቄውን ከመነሻው አበላሽቶታል ማለት ነው።

የውሸት ምስክሮች

ፖዘቲቭም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሰዎች ፈንገስ ሳይኖርባቸው ፖዘቲቭ ይወጡ ነበር፤ በኋላ በተመረተው መድኃኒት ግን ችግሩ በጣም ቀንሷል። በደም ሥር የሚሰጡ አንዳንድ ፈሳሾችም እንዲሁ ያሳስታሉ። ሂስቶፕላዝማ እና ፉሳሪየም የተባሉ ሌሎች ፈንገሶች ዱካቸው ስለሚመሳሰል የነሱ ጥፋት በአስፐርጊለስ ላይ ይለጠፋል። በተቃራኒው፣ ታካሚው አስቀድሞ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ዱካው ስለሚቀንስ ታሞም ነጌቲቭ ሊወጣ ይችላል።

ሌሎች ምርመራዎችም አሉ። ቤታ ዲ ግሉካን የሚባለው የብዙ ፈንገሶችን የጋራ ንጥረ ነገር ይፈልጋል፤ የሚሠራው ከአንድ የባሕር እንስሳ ደም በሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ፈንገስ አለ ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ሙኮር የተባለውን አደገኛ ሻጋታ አያገኝም። በአንዳንድ የኩላሊት እጥበት ማጣሪያዎችና በቁስል መሸፈኛ ጎዝ ምክንያት ደግሞ በውሸት ከፍ ይላል።

ሁሉም ግን ደካማ አይደሉም። የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ምርመራ ከአስተማማኞቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው ዓይነት እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ቁራጭ ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ መስመር ያወጣል። በአገራችን ይህ ፈንገስ በይበልጥ የሚታወቀው ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ካለ ወገኖች ጋር በተያያዘ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከ100 በታች የወረደ ሰዎች በዚህ ምርመራ እንዲታዩ ይመክራል። ስለዚህ «የፈንገስ አንቲጂን ምርመራ» ብሎ በጅምላ መጻፍም አይሆንም፤ የየትኛው ፈንገስ?

የኛ ቤት ጉዳይ

ይህን ርዕስ ለምን መረጥኩት? አክስቴ ህንድ አገር ሄዳ ኩላሊት ተተክሎላታል። በስድስተኛው ወር ለክትትል በተመለሰችበት ጊዜ ትኩሳትና ሳል ያዛት። ከደሟ የተሠራው የጋላክቶማናን ውጤት 0.3 ሆነ። አብሯት የሄደው አጎቴ «ነጌቲቭ ነው፣ ተመስገን!» ብሎ ደወለ፣ እናቴም ለሰፈሩ ሁሉ አበሰረች። ሐኪሟ ግን አልለቀቃትም። ሲቲ ስካኑ ሳንባዋ ላይ እብጠት የመሰለ ነገር ስላሳየ «የደሙ ውጤት ለርሷ ዓይነት ታካሚ አያሳርፈኝም» ብሎ በቀጭን ቱቦ ሳንባዋን አጥቦ ፈሳሹን አስመረመረ። ፈሳሹ ፖዘቲቭ ወጣ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም አስፐርጊለስ በቀለበት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ለበሽታው የሚሰጠው ቮሪኮናዞል የተባለው መድኃኒት፣ ኩላሊቷን የሚጠብቅላትን ታክሮሊመስ በደሟ ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ስለዚህ የታክሮሊመስ መጠን ወደ ሲሶ ወርዶ ደሟ በየጊዜው እየተለካ ነበር የታከመችው። ሌላው አማራጭ አምፎቴሪሲን ቢ ደግሞ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በውሸት ነጌቲቭ ሰው ይሞታል፣ በውሸት ፖዘቲቭ ደግሞ ስንት ተለፍቶበት የተገኘ ኩላሊት አደጋ ላይ ይወድቃል። እግዚአብሔር ይመስገን አክስቴ ዛሬ ቤቷ ናት።

ጉዳዩ የህንድ ወይም የአሜሪካ ብቻም አይደለም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዝርዝር ሲያወጣ፣ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስንና ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው አራቱ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ ይህን ዜና የምንጽፍበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ከሐኪሞቹ የምንማረው የቃላት ጥንቃቄ

ተመራማሪዎች እነዚህን በሽታዎች በሦስት ይከፍሏቸዋል። በሥጋ ናሙና ወይም ጀርም ሊገኝበት ከማይገባ የሰውነት ክፍል በማብቀል የታየው «የተረጋገጠ» ይባላል። ታካሚው ተጋላጭ ሆኖ፣ ሲቲ ስካኑም ምልክት አሳይቶ፣ እንደ ጋላክቶማናን ያለ ማስረጃ ሲጨመርበት «አይቀርም የሚባል» ነው። ተጋላጭነቱና ምልክቱ ኖሮ የላቦራቶሪ ማስረጃ ከጠፋ «ሊሆን የሚችል» ብቻ ይባላል። ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በ2008 እና በ2020 ተሻሽሏል። ጋላክቶማናን ብቻውን ማንንም «የተረጋገጠ» እንደማያደርግ ልብ ይሏል። እኛስ? ተጠርጣሪን ወንጀለኛ ብለን እንዳንጽፍ በሕግ ኮርስ ተምረን የለ እንዴ! ለበሽታ ሲሆን ለምን እንለቀዋለን?

ለማጠቃለል፣ የምርመራ ዜና ከመጻፋችን በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ እላለሁ።

1ኛ. ቁጥሩ የተገኘው በነማን ላይ ተሞክሮ ነው? ዜናው የሚነካው ሰውስ ከነሱ ጋር ይመሳሰላል?
2ኛ. ከታመሙት ስንቱን ያገኛል? ካልታመሙትስ ስንቱን በስህተት ይከሳል? ሁለቱ ተለያይተው ይጻፉ።
3ኛ. ናሙናው ምንድን ነው፣ ደም ነው ወይስ የሳንባ ፈሳሽ? ወሰኑስ ስንት ነው?
4ኛ. ውጤቱን የሚያሳስት መድኃኒት ወይም ሌላ በሽታ አለ?
5ኛ. ከውጤቱ በኋላ ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

በነዚህ ጥያቄዎች «አዲሱ ምርመራ የሳንባ ፈንገስን ከመቶ 82 በትክክል ይለያል» የሚለውን አርዕስት ብናቃናው እንዲህ ይሆናል፤ «ምርመራው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ሕሙማን 100 ውስጥ 82ቱን ያገኛል፤ ኩላሊትና ጉበት ለተተከለላቸው ግን በደም ሲሠራ ብዙዎቹን ያመልጣል።» ረዘመ? አዎ ረዝሟል። ነገር ግን አንድ ኩላሊት የተተከለለት አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ፣ ትኩሳቱ ሳይለቀው «ነጌቲቭ ነኝ» ብሎ ቤቱ አይቀመጥም።

በዚህ ጽሑፍ ላይ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች በቡለቲኑ አዘጋጆች በኩል ብታደርሱኝ ደስታዬ ነው።